በቀትር የጠራሁት ወንፈል

አንድ ነገር ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ ባለቤት የለውም። አሸዋ የወንዙ ነበር፤ ድንጋይም የማንም አልነበረም። ዋጋ ባወጣ ማግስት ግን ባለቤቱ፣ የባለቤቱ ወንድምና የወንድሙ ጠበቃ በአንድ ሌሊት ይወለዳሉ። ይህን የምለው መፈላሰፍ አምሮኝ አይደለም። ስለ አመድ ላወራችሁ ነው።

አዎ፣ ስለ አመድ። ከምድጃ ተጠርጎ ከጓሮ ስለሚደፋው፣ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው። በእኛ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሰሞኑን እንደ አፈር መድኃኒት የደራ ገበያ የለም። መሬታችን ታሟል። ባለሙያው «አሲዳማ ሆኗል» ይላል፤ ገበሬው «ኮምጥጧል» ይላል፤ ገብሱ ደግሞ ምንም ሳይል ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። በሽታ ካለ ሻጭ አይጠፋም። መጀመሪያ ኖራ መጣ። ኖራ መልካም ነገር ነበር፤ ጉድለቱ ሁልጊዜ ከዘር በኋላ መድረሱ ብቻ ነው። ከዚያ የትል ብስባሽ መጣና፣ ልጆቻቸውን በወጉ ያላበሉ ሰዎች ትል ሲቀልቡና ሲያለብሱ አየን። ቀጥሎ የአጥንት ዱቄት ሲመጣ የመሐል ሜዳ ውሾች ኑሮ ተወደደባቸው። በመጨረሻ፣ ኖራውን መጠበቅ የሰለቸው ገበሬ አመድ ቢበትን ገብሱ ቀና አለ። ያን ጊዜ ገበያው አበደ።

አሁን በገበያ ቀን ብትወጡ የአመድ ተራ አለላችሁ። አንዲት ሴት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አመድ ይዛ ስትገባ ሦስት ደላላ ይሮጥላታል። ቀማሾችም አሉ። ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይሄ የባሕር ዛፍ ነው፤ ይሄ የኩበት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ከአስፋልት ዳር የተጠረገ አቧራ ነው» ይላሉ። ልጅ ለመዳር የሚመጣ ሽማግሌ የልጅቱን ቤት ጓሮ በዓይኑ ሰርቆ እንደሚለካም ሰምቻለሁ። አመዳም የሚለው ስድብ ሙገሳ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

እኔን ይህ ሁሉ አልገረመኝም። ለምን ይገርመኛል? ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጽፌዋለሁ። ዘጠና አራት ገጽ ነው የጻፍኩት። የየትኛው ዛፍ አመድ ለየትኛው አፈር፣ በስንት ጣሳ፣ በስንት እርምጃ፣ ከዘር በፊት በስንት ቀን፤ ሁሉም አለበት። ያኔ የመንግሥት ባለሙያ ነበርኩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አንድ አለቃ ነበረኝ፤ የእሱንም ስም አልጠራም፤ እሱ የእኔን ስላልጠራ። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የእሱ ስም ብቻ ነበር። የእኔን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የምስጋናው ገጽ ግርጌ ላይ ነው፤ «በትየባ ሥራ ለተባበሩን» ከሚለው ስር። አቤት አልኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አጣርቶ እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት መደበኝ። ሥራውን ለቅቄ አገሬ ገባሁና ቀየት በምትባለው ትንሽ ከተማችን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ስለዚህ ዛሬም የምኖረው የሌላ ሰው ጽሑፍ እያባዛሁ ነው። አለቃዬ ሌባ ቢሆንም ነቢይ ነበር ማለት ነው።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ወሬ መጣ። የግብርናው ጽሕፈት ቤት በአመድ ከታከሙት ማሳዎች ሁሉ የላቀውን መርጦ ሰሌዳ ሊተክልበት ነው። የብረት ሰሌዳ፣ በዘይት ቀለም የተጻፈ። የዘዴው ዓይነትና፣ ከእሱ በታች የሠሪው ስም ከነአያቱ። እንግዳ ሁሉ መኪናውን አቁሞ የሚያነበው። እናቴ የተወችልኝ አንድ ጥማድ መሬት ከቀየት ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ አለ፤ ከገደል አፋፍ የተቀመጠ፣ እስከ ሥሩ የኮመጠጠ መሬት። ሌላው ሰው ሰሌዳውን ለክብር ይፈልገው ይሆናል። እኔ የፈለግኩት ስሜን ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሠራሁት ሥራ አጠገብ፣ በዘይት ቀለም።

ለዚህ ደግሞ ተራ አመድ አይበቃኝም። ከገበያ የሚሸጠው ግማሹ አፈር ነው። ደህና አመድ ያለው እትዬ አስካለ ዘንድ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ከመሬቴ አጠገብ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ተጠግቷል። ቋጥኙ ከጀርባ እንደ ጣሪያ ይወጣል፤ ከእሱ ስር ዝናብ ነክቶት የማያውቅ የአመድ ክምር አለ፤ ቁመቱ የጎጆ ያህላል። የላዩ የኩበት ነው። መሃሉ የአስታ ቁጥቋጦ ነው። ታችኛው ደግሞ በዚህ አገር ጥድ እንደ ልብ በነበረ ጊዜ የነደደ የጥድ አመድ ነው። የስንት ሰው ራት፣ የስንት አራስ ገንፎ፣ የስንት ለቅሶ ቀን እሳት እዚያ ተኝቷል። ደላሎች ከመርሐቤቴ ድረስ መኪና ይዘው መጥተውላቸው ነበር። እትዬ አስካለ በር እንኳ አልከፈቱላቸውም።

ለእኔ ከፈቱልኝ፤ እናቴን ያውቋታል። ለምን እንደፈለግኩት ነገርኳቸው። ስለ ሰሌዳውም፣ ስለ አለቃዬም ነገርኳቸው፤ ስለ አለቃዬ ለማንም ሳልነግር አልቀርም። ሰሙኝና ውሰደው አሉኝ። ዋጋ አልጠሩም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። በቀትር አትንካው፤ ከመንካትህም በፊት ንገራቸው። ለማን ነው የምነግረው ብዬ አልጠየቅኩም። በእኛ አገር በቀትር ከአመድ ማፍሰሻ አጠገብ አይቆምም። ይህን ማን እንዳስተማረው የሚያስታውስ የለም፤ እሳት እንደማይጨበጥ የታወቀ ነገር ነው። አመድ የሚደፋም ሰው ከመድፋቱ በፊት «ዘወር በሉ» ይላል። ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ ይስቃል። ዲግሪ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

ክምሩን ላነሳ በቆረጥኩበት ቀን በጧት እነሳለሁ ብዬ፣ አህዮቹ ዘግይተው መጡና ክምሩ ጋ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አብሮኝ ጌታነህ ነበር፤ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሰሌዳውን ማን እንደሚያገኝ ቅጽ የሚሞላውም እሱ ነው። እንግዲህ ቅጽ በሚሞላ ሰው ፊት መቀለድ ያምረኛል። አካፋዬን ተደግፌ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለክምሩ ንግግር አደረግኩ።

«የዚህ አመድ ነዋሪዎች፣ ቤታችሁን ላፈርስ ነውና ዘወር በሉ። ዘወር የማትሉ ደግሞ ወንፈል ጠርቻችኋለሁ። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለእናንተ።»

ጌታነህ ሳቀ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሳቁን አቆመ። ከቋጥኙ ስር ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ዝንብም አልነበረም። ከበሩ ላይ የቆሙት እትዬ አስካለ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ወንፈል በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ለሠራልህ ሰው አንድ ቀን ትሠራለታለህ፤ የማይሠራ ሰው ደግሞ ሲሞት የሚቀብረው ይቸገራል።

«ቀኑንስ መቼ አልካቸው?» አሉኝ።

የቀልዴ ጭራ መስሎኝ ረቡዕ ይሁን አልኩ። እትዬ አስካለ ወደ ክምሩ ዞሩና «ረቡዕ» ብለው ደገሙት፤ ቀስ አድርገው፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚደገመው።

ክምሩን ለማንሳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሠላሳ ጭነት ወጣው። ግማሹን ከማሳዬ ታች፣ ግማሹን ከላይኛው ጫፍ አራገፍኩት። ክምሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ሲቀር ከቋጥኙ ስር ያለው መሬት ደረቅ፣ ጠንካራና ለብ ያለ ነበር። አመዱ ሙቀት ይይዛል ብዬ አለፍኩት። ያልተነካ አመድ ስንት ዓመት ሙቀት እንደሚይዝ በጥናቴ ውስጥ የለም።

ረቡዕ ብቻዬን ወረድኩ። ዘዴዬ እንዲህ ነው፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሙሉ አመድ ለሁለት እርምጃ። በጥናቱ ሰባ አንደኛ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሬ ነበር። በታኙ ወደ ኋላ እየተራመደ መበተን አለበት፤ አመዱ ከፊቱ ይወድቃል፣ ዱካውን ይሸፍነዋል፣ የበተነውን አይረግጠውም። ስጽፈው ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አሁን አርባ ስድስት ሆኖኝ በመንዝ ድንጋያማ ማሳ ላይ ወደ ኋላ መራመድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ በጀርባዬ ወደቅኩና ወደ ፊት መበተን ጀመርኩ። ማን ያየኛል?

የታችኛውን ግማሽ ልጨርስ ስል ቀትር ሆነ፤ ከገደሉም ጉም ወጣ። የእኛን ጉም የማያውቅ ሰው ጭስ ይመስለዋል። ጭስ ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ጉማችን ግን ከየትም አይመጣም፤ ድንገት ውስጡ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። እጄን ብቻ ነው የማየው። ቆሜ እስኪገፈፍ መጠበቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጣሳ አመድ ውስጥ ሲገባ የታፈነ ድምፅ አለው፤ ሲበተን ደግሞ እንደ ረጅም ትንፋሽ ነው። ከላይኛው ማሳ ይሰማኛል። ገባ፣ ተበተነ። ሁለት እርምጃ። ገባ፣ ተበተነ።

ጣሳዬ በእጄ ነበር።

መጀመሪያ ጌታነህ ነው አልኩ። ተጣራሁ። የሚበትነው አላቆመም፤ አልፈጠነም። ሰው ሲጠሩት ባይመልስ እንኳ ለአንድ አፍታ ይገታል አይደል? ይህኛው አልተገታም። ከዚያ ጉሙ ትንሽ ሳሳና አየሁት። ቁመቱ የሰው ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ነው፤ አመድ የሚበትን ሰው ነጭ ይሆናል፣ እኔም ነጭ ነበርኩ፣ ይህ ምንም አይደለም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ወደ እኔ እየመጣ ነው፤ ነገር ግን የማየው ፊቱን አይደለም። ጀርባው ነው ወደ እኔ የሚመጣው። ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ሁለት እርምጃ። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም።

እንግዲህ የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ያደርጋል? እኔ ቁጭ አልኩ። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩና ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ መብላት ጀመርኩ። ሳይንስ የሚያዘው ይህን ነው ማለቴ አይደለም። ግን ቆሎ ስታኝኩ ድምፁ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፤ ሌላ ነገር አያሰማም። እፍኝ ቆሎ ያን ያህል ጊዜ እንደሚታኘክ አላውቅም ነበር። ሲያልቅብኝ፣ ከጀርባዬ፣ ክንዴን ብዘረጋ ከምደርስበት ቦታ፣ የመጨረሻዋ ጣሳ ስትበተን ሰማሁ። የአመዱ ብናኝ አንገቴ ላይ አረፈ። ለብ ያለ ነበር።

ጉሙ ሲገፈፍ ማንም የለም። የላይኛው ክምር አልቋል፤ ቦታው እንኳ ተጠርጓል። የላይኛው ግማሽ ማሳ በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት አንድ ወጥ ሆኖ ተሸፍኗል። የእኔ ግማሽ ከእሱ ጋር ሲተያይ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ዱካ ፈለግኩ። አንድም ዱካ አልነበረም። በእርግጥ አይኖርም። ወደ ኋላ እየተራመደ ሲበትን ዱካውን ሸፍኖታል፤ ሰባ አንደኛ ገጽ ላይ ተጽፏል።

እዚያው ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ያን ጥናት አለቃዬ ሠረቀው እንጂ አላነበበውም። ኮሚቴው አላነበበውም። እኔ ራሴ ሰባ አንደኛ ገጽን ትቼዋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ሥራዬን እስከ መጨረሻው ያነበበ አንድ ፍጡር ተገኘ፤ እሱም አመድ ውስጥ የሚኖር ነው። ፍርሃቴ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረበት። አልዋሽም።

ጌታነህን ፈልጌ ጠየቅኩት። ረቡዕ ሙሉ ቀን መሐል ሜዳ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አበል የፈረመበትን ወረቀት አሳየኝ። እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ምን እንዳየሁ ሳልነግራቸው ስንት መጡ አሉኝ። አንድ አልኳቸው። አንድ ብቻ መሆኑ ቅር አላቸው፤ ሌሎቹ ሥራ ይዘው ይሆናል ብለው አጽናኑኝ። ምን ልመልስላቸው እንደሚገባ ስጠይቃቸው፣ እሱ ራሱ ቀኑን ይነግርሃል፤ እስከዚያ ሠራልኝ ማለት ብቻ ነው ያለብህ አሉ። የወንፈል ወጉ ይኸው ነው። የሠራልህን ሰው በሰው ፊት ሠራልኝ ትላለህ።

ገብሱን ዘራሁ። ክረምቱ ገባ። የታችኛው ማሳ ጥሩ በቀለ፤ በእውነት ጥሩ ነበር፤ ሌላ ዓመት ቢሆን ሰው ይገረምበት ነበር። የላይኛው ግን ጥሩ የሚባል አልነበረም። ሌላ ነገር ነበር። አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ያደላል። ሐምሌ ላይ ላርም ሦስት ጊዜ ሄጄ የሚታረም አጣሁ። የታረመው ከማሳው ዳር ተከምሮ አገኘሁት፤ በትንንሽ ክምር፣ ሥሩ ወደ ላይ ተደርጎ፣ አፈሩ ከሥሩ ተራግፎ። ነሐሴ ላይ የጎረቤት በጎች ገቡ፤ የታችኛውን ግማሽ ጫፍ ጫፉን እየጋጡ መጡና መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አጥር የለም፣ ገመድ የለም። ተሰልፈው ቆመው ሽቅብ ያያሉ። ወፍ አያርፍበትም። ነፋስ ሲመጣ የታችኛው ገብስ ይተኛል፣ ይነሳል፤ የላይኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰው ወደ ውኃ የሚወርድበትን መንገድ ቀስ በቀስ አራቀው። ማንም ምንም አላለኝም። ሰላምታ ሲሰጡኝ ግን ከኋላዬ ያለውን ሰው ጭምር ሰላም እንደሚሉ ዓይነት ሆኑ።

ጌታነህ ሊለካ መጣ። የታችኛውን አይቶ መልካም አለ። የላይኛውን ለክቶ ጽፎ ቶሎ ወጣ። ሰሌዳው ለላይኛው እንደሚሆን ነገረኝ፤ እንዲህ ያለ ማሳ በወረዳው የለም። ልዩነቱን በቅጹ ላይ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ሲጠይቀኝ «አያያዝ» በል አልኩት። መዋሸት አልነበረም። ገና አልዋሸሁም ነበር።

ሰሌዳው የሚሰጥበት የመስክ ቀን በጥቅምት ሆነ። ጧት ይባላል፣ እንግዳ ያረፍዳል፤ ሁሉም ከማሳዬ ጫፍ ሲሰበሰብ ቀትር ነበር። ገበሬው ከታችኛው ማሳ በኩል ተኮልኩሏል። እትዬ አስካለ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ተዘጋጅቶ መኪና ላይ ተጋድሟል፤ ስሙ የሚጻፍበት መስመር ብቻ ባዶ ነው፤ ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ ቆሟል። ከፊተኛው መኪና የወረደው የክብር እንግዳ አለቃዬ ነበር።

ወፍሯል፤ ሸብቷል። ጨበጠኝ፤ አላወቀኝም። ያኔ አንተ ነበር የሚለኝ፤ አሁን አንቱ አለኝ። ስሜን ወስዶ አንቱታ ጨመረልኝ። ማሳውን እያየ ተደነቀና፣ ይህ ዘዴ ከእሱ ጥናት የተወሰደ መሆኑን ለተሰበሰበው ሰው አብራራ፤ ጥናት ከመደርደሪያ ወርዶ ገበሬው እጅ ሲገባ ማየት ለአንድ ተመራማሪ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ በሰፊው ተናገረ።

አሥራ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። በቃሌ ነው የማውቀው፤ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ፣ ሻይ ስጠጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር ብዬዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን የላይኛውን ማሳ፣ ሁሉንም ብቻዎን ነው የሠሩት?» አለኝ።

ጌታነህ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳረፈ። ሠዓሊው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። እትዬ አስካለ እኔን አላዩኝም፤ ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን ያዩ ነበር። መልሱ ቀላል ነበር። የታችኛው የእኔ ነው፤ የላይኛውን ሌላ ሠራልኝ። ከዚያስ? ማን ነው ይሉኛል። በአገሩ ሁሉ ፊት፣ በአለቃዬ ፊት፣ በቀትር ከአመድ የጠራሁት ነው ልበል? ወይስ አላውቅም ብዬ መስመሩ ባዶ ይቅር? ሰሌዳው አንድ ነው። ስሜም አንድ ነው። የመኪናው ብረት በፀሐይ ያበራል።

«ብቻዬን ነው» አልኩ።

ተጨበጨበ። ቅጹን የመኪናው ኮፈን ላይ አድርጌ ፈረምኩ።  በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም። ቀና ስል የላይኛውን ገብስ አየሁት። ነፋስ አልነበረም። ገብሱ ግን ከዳር፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በሰው ትከሻ ስፋት ቀስ ብሎ ተከፈለ፤ ክፍተቱ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ገደሉ ሄደ። ተመልሶም ከኋላው ገጠመ። ሰው ንግግር እየሰማ ስለነበር ያየነው እኔና እትዬ አስካለ ብቻ ነን።

ለአለቃዬ ያዘጋጀሁትን ንግግር አላደረግኩም። አፌ ላይ መጣና፣ ቃል በቃል፣ ለእኔ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። አለቃዬ ሲሰናበተኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የሙያ ባልደረቦች እንደሚያደርጉት።

ሰሌዳው ተተክሏል፤ ያማረ ነው። ስሜ ከነአያቴ አለበት። በማግስቱ እትዬ አስካለን ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና የእሱስ ስም የቱ ጋ ነው አሉኝ። ስሙን እንደማላውቀው ነገርኳቸው። መቼ ጠየቅከው አሉ። ከዚያ የሚያስጨንቀኝን አወጣሁት፤ የወንፈሉን ቀን መቼ ነው የሚጠራኝ?

«አሁንማ አይጠራህም» አሉ። «የካደውን ሰው ወንፈል የሚጠራ አለ?»

«ታዲያ ምን ያደርገኛል?»

«ምን ያደርግሃል ልጄ። እዚያ ቆሞ ብቻዬን ነው ስትል ሰማህ፤ ምንም አላለም። ሄዶ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ያስበዋል።»

እትዬ አስካለ ሊያጽናኑኝ ነው እንዲህ ያሉት፤ አይመጣብህም ማለታቸው ነው። አላጽናኑኝም። ቁጭ ብሎ ማሰብን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ቢመጣብኝ ይሻለኝ ነበር። ገብሱን ቢያደርቀው፣ ሰሌዳውን ቢነቅለው፣ በጉም መሃል ፊቱን አዙሮ ቢያሳየኝ እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንበብ እንደሚችል አረጋግጫለሁ፤ እሱም ስለ እኔ መጻፍ እንዳይጀምር ነው የምጸልየው።